የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥይቶች

ሰኔ 14

ለወንድሜ ልጅ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከጆሮዬና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስልክሽን ስላላነሳሁ አትቀየሚኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ጠመንጃ ሲሞከር የኖረ ጆሮ ስልክ ውስጥ የሚሰማው የዝንብ ጥዝዝታ ብቻ ነው። ጽሑፍ ይሻለናል። የአውቶቡሱ ሹፌር ደብዳቤሽን የጠመንጃ መጠገኛ ሱቄ ድረስ አምጥቶ በእጄ ሰጠኝ። ጽሕፈትሽን አላወቅኩትም፤ ስንለያይ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፣ የምትጽፊውም በከሰል፣ ግድግዳ ላይ።

የእርሻው ጥበቃ ልሁን ብለሽ ማመልከትሽን ሳነብ ሳቄም ድንጋጤዬም እኩል መጣብኝ። የፈተናውን ነገር ተረድቻለሁ። ነሐሴ 12 ቀን፣ በሦስት ሰዎች ፊት፣ በአባትሽ አሮጌ ጠመንጃ አምስት ጥይት ሳታቋርጪ መተኮስ አለብሽ። ከተሳካልሽ ሥራው ያንቺ ይሆናል፣ ያቺ ባለ ሁለት ክፍል የጥበቃ ቤትም በእጃችሁ ትቀራለች። ካልተሳካ ግን ቤቱን ለሌላ ጥበቃ ትለቃላችሁ። ዐይኑ የደከመ አባት ይዞ ቤት መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ለእኔ አትነግሪኝም፣ እኔም ለአንቺ አልነግርሽም።

ጠመንጃዋን ላኪልኝ እንዳልልሽ የማጓጓዣ ፈቃዱ ብቻ ሦስት ወር ይፈጃል። ስለዚህ እጅሽ እጄ ይሁን።

አንዱን አፈሙዟ ውስጥ፣ አራቱን ከአፈሙዟ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ አጉርሰሽ ስትተኩሺ አንዳንዶቹ ይወጣሉ፣ አንዳንዶቹ ቱቦው ውስጥ ይቀራሉ ብለሻል። አሮጊት ናት፤ ብዙ ዓመት ሣጥን ውስጥ ተኝታ ዘይቷ እንደ ሙጫ ደርቆባት ይሆናል። መጀመሪያ ባዶ መሆኗን አረጋግጪ። በዐይንሽ አይተሽ አትመኚ፣ ጣትሽንም ከትተሽ ዳስሺ። ከዚያ ፈታተሽ በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቢያት። ጥይቱን ከቱቦው ተቀብላ ወደ ላይ የምታነሳዋን የብረት ምላስ በተለይ አደራ። ስትጨርሺ ዘይት በጣት ጫፍ ያህል ብቻ። ሴት ልጅ የጠመንጃ ዘይት እንደ ቅባት ታፈሳለች ብለው የሚያወሩትን ውሸታሞች አድርጊልኝ።

ለአባትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ወይም ተዪው። እንደመሰለሽ።

አጎትሽ

*

ሰኔ 23

ለአጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። አባባ ሰላምታዎን ስነግረው ከተቀመጠበት አግዳሚ ብድግ ሊል ሲል ያዝኩት። «ጻፈ? ራሱ ጻፈ?» አለኝ ሦስት ጊዜ። እኔ ተጣልታችሁ ይመስለኝ ነበር። «እኔና እሱ መቼ ተጣላን? ሥራ በዝቶበት ነው» አለኝ። አሥራ ስምንት ዓመት የበዛ ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው አጎቴ?

አሮጊቷን አጠብኳት። ከውስጧ የወጣው ጭቃ በቆሎ ያበቅላል። አሁን ስትከፈትና ስትዘጋ ድምጿ ራሱ ያስደስታል። ግን ጠባይዋ ያው ነው። ስድስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ስድስቱንም ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥይቶች ያለ ችግር ይተኮሳሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቱቦው ውስጥ ይቀራሉ። መዝጊያዋም ልክ ጥይት እንደጨረሰች ወደ ኋላ ሄዶ ክፍቱን ይቆማል። ላየው ሰው ባዶ ናት። «ሁልጊዜ የመጨረሻዎቹ ሁለት» የሚለውን እባክዎ ልብ ይበሉልኝ።

እዚህ የሚወራውን ደግሞ ማወቅ አለብዎት። ከፈታኞቹ አንዱ ፉጨት የሚሉት ሰው ነው፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ከርከሮው በወጣባቸው ቀን ከአባባ ጋር በቆሎው ውስጥ የነበረው የጥበቃ ባልደረባው። ከርከሮው እግሩን ከወሰደበት ወዲህ በክራንች ነው የሚሄደው። አሁን የጆንያ መጋዘኑን ይቆጣጠራል፤ ቤታችን ድረስ መጥቶ አያውቅም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን «ሳያጎርስ የወጣ ሰው ልጅ» ሲሉኝ ዝም ይላል። እንደሚያውቁት፣ በማግስቱ ሳሩ ውስጥ ሁለት ያልተተኮሱ ጥይቶች ተገኙ። ሰው ሁሉ «እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲያጎርስ ጥሏቸው ነው» አለ። አባባም አመነ። እስከ ዛሬ «ጠመንጃዋ ንጹሕ ናት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል። ከዚያ ወዲህ አንስቷት አያውቅም፤ ዱላ ይዞ በር ሲጠብቅ ኖረ።

አንድ ቀን መጥተው ቢያዩን ምን ነበረበት?

የወንድምዎ ልጅ

*

ሐምሌ 2

ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዝናብ እንዴት ይዟችኋል? እዚህ የሱቄ ጣራ እያፈሰሰ ብረት የማስርበት ሞርሳ ላይ ባልዲ አስቀምጬ ነው የምሠራው። መምጣቱን በተመለከተ፣ ጉልበቴ ከቆመ አውቶቡስ የሚያወርደኝ አልመሰለኝም። እስቲ ይሻለኝ።

ወደ አሮጊቷ እንመለስ። ያቺ ጠመንጃ ስትተኮስ አፈሙዟ ራሱ ወደ ኋላ ተንደርድሮ ይመጣና ይመለሳል፤ ቀጣዩን ጥይት የምታጎርሰው በዚያ ግፊት ነው። ግፊቱን የሚመጥነው ከፊት ያለው የነሐስ ቀለበት ነው። የእንጨቱን እጀታ አውጥተሽ ቀለበቱ የት እንዳለ እዪ። ለቀላል ጥይት ከኋላ፣ ለከባድ ጥይት ከፊት ነው የሚሆነው። ቦታው ከተሳሳተ አፈሙዙ ሙሉ መንገዱን ሳይሄድ ይመለሳል፣ ጥይቱም ይቀራል።

ጥይቶቹም እርጥበት ነክቷቸው አብጠው ይሆናል። አዲስ ፓኮ አስከፍቺ። ቀለሁ ሲወጣ ከቀኝሽ በስንት እርምጃ እንደሚወድቅ ለኪልኝ፤ ከሦስት እርምጃ በታች ከሆነ ደካማ ነው።

እነዚህን ሁሉ ሳትጨርሺ ሌላ ነገር አትነካኪ። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነው።

አጎትሽ

*

ሐምሌ 11

ለአጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ባልዲው ሞላ ወይስ ጣራው ተሠራ?

ቀለበቱ በቦታው ነው። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አድርጌ ሞከርኩት። ጥይቶቹ አዲስ ናቸው፤ ቀለሁም ሰባት እርምጃ ይበራል፤ የእርሻውን ሥራ አስኪያጅ ባርኔጣ ለጥቂት ሳተው። ሦስት ትተኩሳለች፣ ሁለት ታስቀራለች። ያው።

አጎቴ፣ አይቆጡኝና፣ በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ አሉ። እኔ ስለ መጨረሻዎቹ ሁለት እጠይቅዎታለሁ፣ እርስዎ ስለ ቀለበትና ስለ እርጥበት ይመልሱልኛል። ሁለቱን ደብዳቤዎችዎን ጎን ለጎን ዘርግቼ አነበብኳቸው። ምላሷን ጽፈዋል፣ ቀለበቱን ጽፈዋል፣ ቀለሁን ጽፈዋል። ጥይቶቹን ከቱቦው የሚገፋቸው ስፕሪንግ ላይ ግን አንድ ቃል የለም። እኔ እንኳ፣ የትናንቷ፣ ጥይት እንዲወጣ የሚገፋው ነገር እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ።

ስለዚህ ሳይነግሩኝ የቱቦውን ክዳን ፈታሁት። ዐይኔ ላይ እንዳይዘልብኝ ፊቴን አዙሬ ነበር። ምንም አልዘለለም። ስፕሪንጉ ከቱቦው አፍ እኩል ሆኖ ተኝቷል። ሙሉ ሲሆን ተጨምቆ ይገፋል፤ ሦስት ወጥተው ሁለት ሲቀሩ ግን ጉልበት የለውም። የትራክተሩን መካኒክ ጠራሁት። «ይህ ተቆርጧል» አለኝ። ጫፉ በሞረድ ተስተካክሎ፣ ጥይት ገፊውን እንዳይቧጭር ወደ ውስጥ ታጥፏል። «የቆረጠው ሰው እጁ የተባረከ ነው» አለ መካኒኩ፣ «ግን ምን ነክቶት ነው?»

አንድ ነገር ልጨምር። መዝጊያዋ ክፍት ሆኖ ሁለቱ ጥይቶች ቱቦው ውስጥ እንዳሉ አፈሙዟን ወደ ሰማይ አነሳኋት። ሁለቱም ራሳቸው ተንሸራትተው ጭኔ ላይ ወደቁ። አባባ በዚያ ቀን ጥይት ያለቀበት መስሎት ከርከሮውን በሰደፉ ነው የመታው፤ በሰደፍ የሚመታ ሰው ደግሞ አፈሙዙን ወደ ላይ ነው የሚይዘው። አጎቴ፣ ሳሩ ውስጥ የተገኙትም ሁለት ናቸው።

አባባ ደጅ ተቀምጦ «ምን አገኘሽ?» አለኝ። «አቧራ» አልኩት። እውነቱን ከእርስዎ ሳልሰማ ልነግረው አልደፈርኩም። ከአደጋው በኋላ እርሻው ጠመንጃዋን ለምርመራ የላከው ለማን እንደነበር አውቃለሁ።

የወንድምዎ ልጅ

*

ሐምሌ 20

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሱቁን ዘግቼ ለሁለት ቀን አልከፈትኩም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ይህንን አልቀደውም።

የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ሱቁን በከፈትኩበት ዓመት የመጀመሪያ ደንበኛዬ አባትሽ ነበር። «ሰው አንተን እንዲያምን ከእኔ ይጀምር» ብሎ የሚወዳትን ጠመንጃ ሰጠኝ። አሮጌው ስፕሪንግ ደክሞ ስለነበር አዲስ አስመጣሁ። ስከተው ከቱቦው አፍ ከአንድ ስንዝር በላይ ተርፎ ወጣ። መትረፍ እንዳለበት አላወቅኩም፤ ጉልበቱ የሚገኘው ተጨምቆ ሲዘጋ እንደሆነ ያኔ ማንም አላስተማረኝም። ዐይኔን አስቀየመኝ፤ የሌላ ጠመንጃ ስፕሪንግ ተልኮልኝ ነው አልኩ። አባትሽ ካፖርቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል፣ አውቶቡሱ ሊነሳ ነው። የተረፈውን ቆረጥኩና ጫፉን አሳመርኩት። እንዴት እንዳሳመርኩት ብታዪ!

ሞክሬያለሁ ደግሞ። ሱቄ ያኔ ከቁም ሣጥን አትሰፋም፣ ስለዚህ ጠመንጃ የምሞክረው ሳልተኩስ፣ አፈሙዙን ወደ ጣራ አድርጌ መዝጊያውን በእጄ እየሳብኩ ነበር። ጥይቶቹ በራሳቸው ክብደት እየተንሸራተቱ አንድም ሳይቀር ወረዱ። «እንደ ሰዓት ትሠራለች» ብዬ ሰጠሁት። እርሻ ውስጥ ግን ማንም ከርከሮ ሰማይ ላይ አይተኩስም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሆነውን ታውቂያለሽ።

ጠመንጃዋ ለምርመራ ስትመጣልኝ፣ ክዳኑን ስፈታ ወዲያው ገባኝ። በመሐሉ ከአንድ ሽማግሌ ባለሙያ ሥራውን ተምሬ ነበር። ያን ቀን መጻፍ ነበረብኝ። ሱቄ ገና የወራት ዕድሜ ነበራት፤ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ፈራሁ። የፉጨት እግር እንደሆነ እውነት በመናገር አይበቅልም አልኩ። «ጉድለት አልተገኘባትም» ብዬ ፈረምኩ፣ ማኅተምም መታሁ። ጠመንጃዋን በዚያው ቀን መልሱ ስላሉኝ፣ የምቀይርበትም ስፕሪንግ ስላልነበረኝ፣ እንደነበረች ዘግቼ ላክኋት። ከእንግዲህ ሣጥን ውስጥ ናት፣ ማንንም አትጎዳም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ከዚህ የባሰውን ልንገርሽ። በሳምንቱ አባትሽ ሱቄ መጣ። በሥራዬ ሊጠይቀኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ትከሻዬን ይዞ «አንተን እንዳይጠረጥሩህ ብዬ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ። የወንድሜ ሥራ ንጹሕ ነው ብዬ ምዬላቸዋለሁ» አለኝ። ያን ቀን አፌን ብከፍት ኖሮ! ከዚያ ወዲህ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። እሱ ሥራ በዝቶበት ነው ይላል፣ እኔ ጉልበቴን አማርራለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው የእኔ ነገር።

አንቺንም በቀለበትና በእርጥበት ሳዞርሽ ከረምኩ። ገና የመጀመሪያ ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ስፕሪንጉ መሆኑን አውቄያለሁ። ፈተናሽ እየቀረበ እንደሆነም እያወቅሁ ነው ያዞርኩሽ። ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም።

አዲሱን ስፕሪንግ ሹፌሩ ያደርስልሻል። እንዳትቆርጪው።

አጎትሽ

*

ሐምሌ 29

ስፕሪንጉ ደርሷል። አንደኛው ጫፉ ጠበብ ይላል። ወደ ውስጥ የሚገባው የትኛው ነው?

ቱቦው ከውጭ ዘይት ይቀባል ወይስ ደረቅ ይሁን?

አባባ ዐይኑ ፊደል ስለማይለይለት ደብዳቤዎን የማነብለት እኔ ነኝ። «ምን ጻፈ?» ሲለኝ «ስፕሪንግ ቀይሪ ይላል» አልኩት። «አየሽ፣ ወንድሜ ሥራውን ያውቃል» ብሎ ፈገግ አለ። ጓሮ ሄጄ ቆይቼ መጣሁ።

ሁለት ጊዜ ዋሸሁት፤ ሁለቱንም በእርስዎ ምክንያት። ሦስተኛ አልዋሽም። ግን እኔ ከራሴ አንደበት አውጥቼ አልነግረውም፤ የሠራሁት እኔ አይደለሁም። ማለት ያለብዎትን እርስዎ ይበሉት።

*

ነሐሴ 5

ለወንድሜ ልጅ፣

ጠበብ ያለው ጫፍ ወደ ጥይት ገፊው ይሁን። ቱቦውን ከውጭ በስሱ፣ በጨርቅ ብቻ፤ ከውስጥ ደረቅ። ክዳኑን ስትዘጊ ስፕሪንጉ ይታገልሻል፤ በመዳፍሽ ተጭነሽ አዙሪው። ከታገለሽ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

ሰላምታ አለመጻፍሽን አይቻለሁ። ይገባኛል።

ያልሽውን አድርጌያለሁ። ከዚህ ጋር የተላከው የታሸገ ወረቀት ለአባትሽ የጻፍኩት ነው፤ እንደ ቃሉ አንብቢለት። ስፕሪንጉን እንዴት እንደቆረጥኩ፣ አይቼ እንደዋሸሁ፣ አባትሽ አጉርሶ እንደወጣና ሳሩ ውስጥ የተገኙት ጥይቶች ከቱቦው እንደወደቁ ጽፌአለሁ። ፈርሜ ማኅተሜን መትቼበታለሁ፤ ያው የድሮው ማኅተም ነው። ቅጂውን ለእርሻው ጽሕፈት ቤትና ለፉጨት እንዲሰጥ ሹፌሩን አደራ ብያለሁ፤ የፈተናው ዕለት ነው የሚያደርሰው። አንዱን ደግሞ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት ራሴ ወስጄ ሰጠሁ። የተቀበለችኝ ጸሐፊ አንብባ ቀና ብላ አየችኝና «እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ። ምን እንደሚወስኑብኝ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ከመተኮስሽ በፊት አታንብቢው። ቀድሞ ከተነበበ ልጅቷን ለማሳለፍ የተጻፈ ነው ይሉታል። መጀመሪያ ጠመንጃዋ ትመስክር። አባትሽንም አግዳሚው ላይ አስቀምጪው፣ ይስማ።

አጎትሽ

*

ነሐሴ 13

ለአጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን።

አለፍኩ። ይህን ቀድሜ የጻፍኩት ሲጨነቁ እንደሚከርሙ ስለማውቅ ነው። ቤቱ በእጃችን ቀርቷል፤ ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ራሱ በእጄ ሰጠኝ፣ ባርኔጣውን ግን በሩቅ ይዞ ነበር።

ትናንት ጠዋት አባባን ይዤ ከበቆሎው ዳር ወዳለው ሜዳ ወጣሁ። ሸሚዙን ራሱ ነው በካውያ የተኮሰው፤ አንዱ እጅጌ ተቃጥሏል። ፉጨት ከአግዳሚው ማዶ ቆሟል፣ ሰላምታ በአንገት ብቻ። አምስቱን አጎረስኩ። ሰው ሁሉ እጄን እያየ መሆኑን አውቄያለሁ፣ ለምን እንደሚያዩትም። ተኮስኩ። ሦስተኛውን ተኮስኩና ለአራተኛው ቃታውን ለመሳብ ጣቴ እንቢ አለኝ። ከኋላዬ አባባ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ነበር። «ሦስት» ላይ መቁጠሩን አቆመ። እሱም ከሦስት በኋላ የሚመጣውን የሚያውቅ ይመስል ነበር።

አራተኛውም ወጣ። አምስተኛውም።

አባባ «አምስት» አላለም። «ምኗን ነው የቀየርሽው?» አለኝ። «ስፕሪንጓን» አልኩት። «የድሮው ምን ሆኖ?» አለ። ወረቀትዎን አወጣሁና አነበብኩ። እርስዎ እንደጻፉት፣ አንድ ቃል ሳልዘል። መሐሉ ላይ ማንበቤን ሳቋርጥ ፉጨት በክራንቹ መጥቶ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና እሱ ጨረሰው። «አጉርሶ ነበር» የሚለው ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አባባ አጠገብ ተቀመጠ። አሥራ ስምንት ዓመት አጠገቡ ያልተቀመጠ ሰው ቁጭ አለ። እኔ ቀለሆቹን ለመልቀም ሄድኩ፣ ዐይኔን የማሳርፍበት ስላጣሁ።

አባባ አላለቀሰም፣ አልተቆጣምም። እህል አቀረብኩለት፣ በላ። ፉጨት ማምሻውን ቤታችን ድረስ ሸኘን፤ በር ላይ ሲደርስ ገባ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ጆንያ አወሩ። ስለ እርስዎ አንድም ቃል አላወሩም።

እኔ በእርስዎ ላይ አሁንም ተቆጥቻለሁ፤ ልደብቅዎት አልፈልግም። ግን ያን ወረቀት መጻፍ ቀላል እንዳልነበር አውቃለሁ፣ ሳነበውም አውቄዋለሁ። የፈቃድዎን ነገር ሲወስኑ ይጻፉልኝ። ዝም እንዳይሉ።

ዛሬ ጠዋት ይህን ልጽፍ ስቀመጥ አባባን «ለአጎቴ ምን ልበልልህ? ሰላምታ ልጻፍለት?» አልኩት። ፊቱን ወደ በቆሎው አዞረ። እንቢ ሊለኝ ነው ብዬ ብዕሩን አስቀመጥኩ። ከዚያ፣

«አጉርሼያት ነበር ብለሽ ጻፊለት» አለኝ።

ሌላ አልጨመረም። ይኸው ጻፍኩልዎ።

የወንድምዎ ልጅ